ስፖርት ሥሪ ሲሉኝ ያልነገሩኝ ነገር

ጥቅምት 2015 ነው። አሥረኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ አንድ እኩልታ ጽፌ ሁለተኛውን መስመር ልጀምር ስል ልቤ ትር አለ። ቆም አልኩ። እንደገና ትር ትር አለ። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬን ወረረኝ፣ አየር አጠረኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ፊት ልሞት ነው።

አልሞትኩም፤ ይኸው እጽፋለሁ። ነገሩ ፓኒክ አታክ ይባላል፣ ድንገት የሚነሳ ከባድ የፍርሃት ማዕበል ነው፤ ስሙን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። ባልደረቦቼ በባጃጅ ሕክምና ቤት ሲያደርሱኝ ግማሹ ለቆኝ ነበር። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ ደህና ነው ተባልኩ። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተነሳሁ። አራቱም ደህና ነው። የመጨረሻው ቦታ ላይ ያገኘሁት ባለሙያ ወረቀቱን እያጠፈ "ምንም የለብሽም፣ ዝም ብለሽ ነው" አለኝ። ዝም ብዬ ነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ደረቴን ይዤ ግቢ ውስጥ የምዞረው?

እናቴ ዓይን ነው አለች። ጠበል ይዛኝ ሄደች፣ ሄድኩ። ዛሬም እሄዳለሁ፤ ለዚህ ጽሑፍ ስል የማስተባብለው ነገር አይደለም። ግን መምጣቱን አላቆመም። እሱ በመጣ ቁጥር ደግሞ የእኔ ባሕር ዳር እየጠበበች ሄደች። መጀመሪያ የባንክ ሰልፍ ተውኩ። ከዚያ ቅዳሴ ላይ በር በሩን መቆም ጀመርኩ። ከዚያ የአባይ ድልድይ ቀረ። መኪና ተጨናንቆ ድልድዩ መሐል ላይ ብቆም፣ እዚያ ቢመጣብኝ፣ ወዴት እወርዳለሁ? እህቴ ከድልድዩ ማዶ ነው ቤቷ። ለአምስት ወር ቤቷን አልረገጥኩም። ሥራ በዛ እላታለሁ።

በዚህ ሁሉ መሐል የሰማኝ ሰው ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነው። "ስፖርት ሥሪ፣ ይለቅሻል።"

እሺ ብዬ ጫማ ገዛሁ። ኳስ የሚጫወት የባሌ የወንድም ልጅ አለ፣ "እትዬ፣ እኔ አሠራሻለሁ" አለኝ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስተን በጣና ዳር ሶምሶማ ጀመርን። ልጁ ሶምሶማ ይለዋል እንጂ ለእኔ ሩጫ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድን ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ላቤ መጣ። ትንፋሼ አጠረ። ልክ ያን ጊዜ ጭንቅላቴ "መጣ!" አለ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ልጁ ጮኸ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ እናቶች ከበቡኝ። አንዷ ጠበል ረጩኝ፣ አንዷ "ልጄ፣ ባዶ ሆድሽን ነው እንዴ?" ይላሉ። ጫማው ለሁለት ወር አልጋ ሥር ገባ።

ስፖርት ሥሪ ያሉኝ ሰዎች አልዋሹም። ያልነገሩኝ ግን አለ። ስፖርት መጀመሪያ ላይ ራሱ ሕመሙን ይመስላል። ልብ ይመታል፣ ላብ ይመጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ፓኒክ አታክም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ልቤን የሚያስመታ ነገር ሁሉ መሸሽ ጀመርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለኝን ክፍለ ጊዜ ከባልደረባዬ ጋር ተለዋወጥኩ፤ ደረጃ እንዳልወጣ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ግን ይህችን ቀላል ስሌት ሳላያት ቀረሁ። የምፈራው ድልድዩን ወይም ሰልፉን አልነበረም። የምፈራው የገዛ ልቤን ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ባልደረባዬ እጄን ይዛ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰደችኝ። በሩ ላይ ተማሪዬን ወይም የተማሪዬን ወላጅ ባገኝስ ብዬ ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ አወረድኩት። (አንዲት የተማሪ እናት አገኘሁ። እሷም ነጠላዋን አውርዳለች። ሰላምታ ሳንለዋወጥ ተላለፍን።)

ያከሙኝ ባለሙያ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የደም ምርመራ አዘዙ፤ ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን መብዛት እንዲሁ ልብ ያስመታሉ። ሁለቱም የሉብኝም። የኢሲጂ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ነው ፓኒክ ዲስኦርደር፣ ፓኒክ አታክ የሚመላለስበት ሕመም፣ የሚባለውን ስም የሰጡኝ። "አደጋ ሲመጣ የሚጮህ ዘበኛ ሁላችንም ውስጥ አለ" አሉኝ። "ያንቺ ዘበኛ ድመት ባየ ቁጥር ሌባ! የሚል ነው። መጥፎ ዘበኛ አይደለም፤ ትንሽ ማሠልጠን ነው የሚፈልገው።"

በሁለተኛው ቀጠሮ ያደረጉትን እስካሁን አልረሳውም።

"እስቲ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ለአንድ ደቂቃ በአፍሽ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ" አሉኝ።

"ይመጣብኛል።"

"እንዲመጣ ነው የምፈልገው። እኔም አብሬሽ እተነፍሳለሁ።"

እውነትም አብረውኝ ተነፈሱ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ እንደ ሮጠ ውሻ ሲያለከልኩ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ። ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ከንፈሬን ወረረኝ። ክፍሉ ራቅ ራቅ አለብኝ።

"ምን ተሰማሽ?"

"ያው እሱ ነው።"

"ማን አመጣው?"

ዝም አልኩ።

"አሁን በአፍንጫሽ ቀስ እያልሽ ተንፍሺ።"

ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ጣቶቼ ተመለሱ። ነገሩን ሲያስረዱኝ ቀላል ነው። ሰው ያለ ሥራ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል፤ መደንዘዙም ማዞሩም ከዚያ ይመጣል። አየር አጥሮኝ አልነበረም፤ አብዝቼ ነበር። እኔ ግን አየር ያጠረኝ እየመሰለኝ የባሰ እጨምርበት ነበር።

ከዚያ "ሩጫውን እንደገና እንጀምራለን፣ ግን ልብሽን ለማረጋጋት አይደለም" አሉኝ። "ልብሽን ሆን ብለሽ ታስመቺዋለሽ። ከዚያ ቆመሽ ሲወርድ ታዪዋለሽ። ሒሳብ አስተማሪ አይደለሽ? ቁጠሪ።"

ደብተር ገዛሁ። ባለ ካሬ ደብተር፣ ተማሪዎቼ የሚጠቀሙበት። አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የልብ ምት እንደቆምኩ፣ የልብ ምት ከሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ፍርሃት ከ10። ምቱን የምቆጥረው አንገቴ ላይ ወይም ከአውራ ጣቴ በታች አንጓዬ ላይ ሁለት ጣት አድርጌ ነው። 15 ሴኮንድ ቆጥሬ በአራት አባዛለሁ። ሰዓት የሚያሳይ ስልክ ካላችሁ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሩጫ የለም። አሥር ደቂቃ በጣና ዳር እርምጃ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ቆሞ መቁጠር። የመጀመሪያው መስመሬ እንዲህ ይላል፤ 124፣ 100፣ 9። ዘጠኝ ማለት ልሞት ነው ማለት ነው። በአንድ ደቂቃ እርምጃ! ዛሬ ሳየው ያስቀኛል፣ ያን ቀን ግን እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊመጣ ሲል እንዳልቀመጥ፣ እንዳልሮጥ፣ ውሃ እንዳልፈልግ፣ ስልክ እንዳልደውል ተነግሮኛል። መቆም፣ መቁጠርና መጠበቅ ብቻ። ከዘጌ ማገዶ ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች ነበሩ። ቀዛፊው ቀርከሃውን በግራ ይነክራል፣ በቀኝ ይነክራል። በግራው ስቤ በቀኙ አወጣለሁ። ትንፋሼን በእሱ ለካሁት። ሰውዬው አያውቅም እንጂ ለብዙ ቀን አክሞኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ተጨመረ። ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከወጡ በኋላ እስከ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ እወርዳለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ "ምን ጠፋሽ ልጄ?" ይሉኛል። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በሦስተኛው ወር 20 ደቂቃ ሳላቋርጥ ሮጥኩ፤ ስሮጥ ማውራት በምችልበት መጠን፣ መዝፈን በማልችልበት መጠን። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ይዤዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ እዚያ ላይ ይደርሳል።

አሁን ደብተሩን ልብ ብላችሁ እዩልኝ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንደቆምኩ 124 ነበር፣ በሦስተኛው ወር 156። የልብ ምቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ መሮጥ ጀምሬያለሁና። የፍርሃቱ ዓምድ ግን 9፣ 9፣ 8፣ 9፣ 7፣ 5፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2 እያለ ወረደ። ሁለቱ ዓምዶች ተለያዩ። ለወራት ልብ መምታትና መሞት ለእኔ አንድ እኩልታ ነበሩ፤ በገዛ እጄ፣ በባለ ካሬ ደብተር፣ እኩል እንዳልሆኑ አየሁ። ሌላም ነገር አየሁ። ሦስተኛው ዓምድ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ያንሳል። አንድም ቀን፣ አንድም መስመር ላይ ወጥቶ የቀረ ልብ የለም።

በመሐል የወደቁ ቀኖች አሉ። በአራተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ ሙሉው መጣብኝ፣ አንደኛው ላይ ልክ እንደ መጀመሪያው ተቀመጥኩ። ደብተሩ ላይ 10 ብዬ ጻፍኩ። ባለሙያው ሲያዩት "ጥሩ፣ እሱም ወረደ አይደል?" ብቻ አሉኝ። ያኔ ነው ስለ አንድ የጀርመን ጥናት የነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። ፓኒክ ያለባቸውን 46 ሰዎች ለ10 ሳምንት በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ይሮጣል፣ አንዱ ክሎሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፣ አንዱ ምንም የሌለበት እንክብል ይውጣል። የሮጡት ባዶውን እንክብል ከዋጡት በግልጽ ተሻላቸው። መድኃኒቱ ደግሞ ከሩጫው ፈጥኖም በልጦም ሠራ። ከሯጮቹ ሲሶ የሚጠጉት አቋርጠው ወጥተዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር አጽናናችኝ። አልጋ ሥር የገባው ጫማ የእኔ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መድኃኒቱንም አልደብቅም። ፍሉኦክሰቲን ወስጃለሁ፣ ከዓመት በላይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይባስ አቁነጠነጠኝ፣ እስኪሠራ ከወር በላይ ጠበቅኩ። ስፖርቱ መድኃኒቱን አስጣለኝ የሚል ነገር ከእኔ አትጠብቁ። ሁለቱ ተደጋግፈው ነው ያቆሙኝ። ያቆምኩትም በሐኪሜ ትእዛዝ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው። "ሩጫ ጀመርኩ፣ ኪኒኑን ጣልኩት" ብላ የነገረችኝ አንዲት ልጅ አለች፤ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተመልሳ ክሊኒኩ በር ላይ አገኘኋት።

ስለ ቡና ላንሳ፣ ጠላት ላፍራ። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ አቦል ቶና በረካ ሳልጨርስ ከጎረቤት ቤት አልነሳም ነበር። ቡና ልብ ያስመታል፤ በተለይ ፓኒክ ላለበት ሰው ክብሪት ነው። ባለሙያው ተዪ አላሉኝም፣ "ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሪ" አሉኝ። ሦስት ስኒ የጠጣሁባቸው ቀናት ሌሊት የምነቃባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። አሁን አቦሏን ብቻ፣ ያውም ከሰዓት በፊት። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ተቀየሙ፣ ከዚያ "ለእሷ ቀጠን አድርጊላት" ማለት ጀመሩ።

ሴት ሆኖ በጠዋት መሮጥ የራሱ ጣጣ አለው። ልጆች "ደራርቱ!" ይላሉ፤ ይህ እንኳ ሹመት ነው። የማይሆን ነገር የሚናገርም አይጠፋም። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ቱታዬ ላይ ነጠላ አደርጋለሁ። ኪዳን ከሚሄዱት ጋር ከሰፈር እወጣለሁ፣ ጊዮርጊስ ደጅ ተሳልሜ ነጠላውን ወገቤ ላይ አስሬ ወደ ሐይቁ እታጠፋለሁ። ስመለስ መልሼ እለብሰዋለሁ። ሳይነጋ ብቻዬን አልወጣም፤ ውሻ አለ። የአባይ መውጫ አካባቢ ደግሞ በጨለማ ጉማሬ ሊወጣ ይችላል። ያኛው ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነው፣ ዘበኛው ቢጮህ ልክ ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምቆይ ጠዋት መሮጥ አልሆነልኝም። ባዶ ሆድ ሲያዞረኝ መጣ እያልኩ ተቸገርኩ። ወደ አመሻሽ አዞርኩት፣ ከበላሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ እርምጃ ብቻ። ነሐሴ 2015 ላይ ከተማው ውስጥ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ መውጣቱ ራሱ ቀረ። እውነት ለመናገር ያን ሰሞን ያልተጨነቀ ሰው ካለ እሱ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው። ክረምቱም ጭቃ ነው። በረንዳዬ ላይ ገመድ መዝለል ጀመርኩ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የራሴን ልብ አልሰማም ነበር። 30 ዝላይ፣ ዕረፍት፣ 30 ዝላይ። ልጄ እየቆጠረችልኝ እስከ 100 መቁጠር ተማረች። ገመድ መግዣ የለኝም የምትሉ፣ እኔም አልገዛሁም። የፍየል ማሰሪያ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳትመረመሩ አትጀምሩ። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረት የሚያጨናንቅና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ ስትሮጡ ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጋ። እኔ ደብተሬን አምኜ የቆጠርኩት ልቤ ደህና መሆኑ በምርመራ ከታወቀ በኋላ ነው። ሌላው፣ ጭንቀቱ ራስን ወደ መጉዳት ሐሳብ ከወሰዳችሁ ጫማ አትፈልጉ፤ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ።

የአባይ አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመረቀ። 380 ሜትር ነው፤ ለእግረኛም ለብስክሌትም መንገድ አለው። ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲጎርፍ እኔ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። መሐሉ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከታች አባይ ነው፣ ወደፊትም ወደኋላም 190 ሜትር ነው፣ መውረጃ የለም። ሆን ብዬ ትንሽ ዘለልኩ። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ እብድ መሰልኩት መሰለኝ ስልኩን ይዞ ራቅ አለ። ቆጠርኩ። ፍርሃት፣ 4። ከዚያ ተሻግሬ እህቴ ቤት ገባሁ። በሩን ከፍታ ስታየኝ "በእግርሽ?" አለችኝ።

አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ ሞቋል፣ ሰው ተጨናንቋል፣ አስለቃሿ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ልቤ ትር አለ። ቀስ ብዬ ወጣሁ። አልሸሸሁም፣ ድንኳኑን በፈጣን እርምጃ ሁለቴ ዞርኩት፤ ሽንት ቤት የጠፋባት እንግዳ መስዬ። ከዚያ ግንቡን ተደግፌ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አደረግኩ። 132። ትንሽ ቆየሁ። 116። አንዲት ልጅ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ወጣች፣ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። 96። ተመልሼ ገባሁና ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቦታዬ መሐል ላይ ነበር።